ከወኅኒ እስከ ልቪቭ ምክር ቤት፦ ስለ ቪያቼስላቭ ቾርኖቪል የቀረቡ ሦስት የአንባብያን ጥያቄዎች

ባለፈው እትማችን ስለ ምሥራቅ አውሮፓ ለቀረበልን ጥያቄ መልስ ስንሰጥ፣ ከእስር ቤት ወጥቶ አንድ ሙሉ ክፍለ ሀገር ስላስተዳደረ ዩክሬናዊ ጋዜጠኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰን አልፈን ነበር። ያቺ ዐረፍተ ነገር ከጠበቅነው በላይ ደብዳቤ አስከተለችብን። ከደረሱን መካከል ሁለቱን ከድሬዳዋ፣ አንዱን ከሐረር መርጠን ቀጥለን እንመልሳለን። ስለ ዩክሬን የምንጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የአገራችንን ስንጠቅስ ብቻ «ዓ.ም.» እንላለን።

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ

«በምድር ባቡር ሠላሳ ዓመት ያህል አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ከጓደኞቼ ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ አንዱ ‹አደባባይ ሲጮህ የኖረ ሰው ወንበር ያገኘ ዕለት የጮኸበትን ይረሳዋል› አለ። እኔም ሁሉም እንደዚያ አይደለም ብዬ እናንተ የጠቀሳችሁትን ዩክሬናዊ አነሣሁ፤ ነገር ግን ስሙንም ሥራውንም ስለማላውቅ ክርክሩን ተረታሁ። ሰውየው ማን ነው? የታሰረውስ በምን ምክንያት ነው?»

መልስ

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ሰውየው ቪያቼስላቭ ቾርኖቪል ይባላል። ዲሴምበር 24 ቀን 1937፣ ማለትም ስታሊን የገዛ ዜጎቹን በገፍ ያስገድል በነበረበት ዓመት፣ በማዕከላዊ ዩክሬን በምትገኝ የርኪ በተባለች መንደር ከመምህራን ቤተሰብ ተወለደ። በኪየቭ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት አጥንቶ በ1960 ከተመረቀ በኋላ፣ በምዕራቧ ከተማ በልቪቭ በቴሌቪዥን ጣቢያ ሠራ። ቀጥሎም በኪየቭ አጠገብ በድኒፕሮ ወንዝ ላይ ይገነባ ወደነበረው የኃይል ማመንጫ ግድብ ሄዶ በወጣት ኮሚኒስቶች ማኅበር፣ በኮምሶሞል፣ ውስጥ አገለገለ። ይህን አስቀድመን የምናነሣው፣ ቾርኖቪል ከመጀመሪያው የሥርዓቱ ጠላት ሆኖ የተነሣ ሰው ስላልነበረ ነው። ሥርዓቱ ራሱ የጻፈውን ሕግ ከልቡ ያምን ነበር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ማመኑ ነው።

በ1965 ኦገስትና ሴፕቴምበር የሶቪየት የጸጥታ መሥሪያ ቤት፣ ኬጂቢ፣ በርካታ ዩክሬናውያን ምሁራንን ያለ አንዳች ማስታወቂያ ያዘ። ሴፕቴምበር 4 ቀን በኪየቭ «ዩክሬን» በተባለው ሲኒማ ቤት አዲስ ፊልም ሊመረቅ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ሃያሲው ኢቫን ዚዩባ መድረክ ላይ ወጥቶ እስሩን ለተመልካቹ ሲያሳውቅ፣ ቾርኖቪልና ባለቅኔው ቫሲል ስቱስ ከአዳራሹ ሆነው እስሩን የሚቃወም ሁሉ ከመቀመጫው ይነሣ ዘንድ ጠየቁ። የቾርኖቪል የጋዜጣ ሥራ በዚህ አበቃ። ስቱስ ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ በእስረኞች ካምፕ ውስጥ ሞቷል።

በ1966 በልቪቭ በዝግ ችሎት በታየ የፖለቲካ ክስ ቾርኖቪል ለምስክርነት ተጠራ። ሕጉ ችሎት ለሕዝብ ክፍት ይሁን እያለ በሩን ዘግቶ ለሚያስችል ፍርድ ቤት ቃሌን አልሰጥም በማለቱም የሦስት ወር የግዴታ ሥራ ተፈረደበት። እሱ ግን የታሰሩትን የሃያ ሰዎች የሕይወት ታሪክ፣ ደብዳቤዎቻቸውንና የተፈረደባቸውን ፍርድ አንድ በአንድ ሰብስቦ አጠናቀረ፤ ሰነዱም ወደ ውጭ አገር ሾልኮ ወጥቶ ታተመ። በዚህ የተነሣ ኦገስት 1967 ተይዞ ሦስት ዓመት ተፈረደበት፤ በኋላም በምሕረት አዋጅ ወደ አሥራ ስምንት ወር ዝቅ አለለት።

የአጻጻፉ ጠባይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ቾርኖቪል መንግሥትን አይረግምም፤ አቤት ይላል። በፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች የሚያውቅ የድሬዳዋ ሰው ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ ለመረዳት አይቸገርም፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ የሕጉ አንቀጽ፣ የተፈጸመው በደል፣ በመጨረሻም ፊርማ። ልዩነቱ የእሱ ማመልከቻ የሚከስሰው የሚቀበለውን መሥሪያ ቤት ራሱን መሆኑ ነው።

እርስዎን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። ከመጀመሪያው እስር ሲወጣ በሙያው የሚቀጥረው ስላጣ፣ በትራንስካርፓቲያ ተራሮች የአየር ጠባይ መዝጋቢ፣ በኦዴሳ አካባቢ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ የቀን ሠራተኛ፣ በመጨረሻም በልቪቭ በስክኒሊቭ የባቡር ጣቢያ የዕቃ ሚዛን ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል። እርስዎ ከእኛ በተሻለ እንደሚያውቁት፣ በባቡር ጣቢያ ሚዛን ላይ የቆመ ሰው መጪና ሂያጁን ሁሉ ያያል፤ እሱን ግን ልብ የሚለው የለም። ለቾርኖቪል ይህ ሳይመቸው አልቀረም፤ ምክንያቱም ከጃንዋሪ 1970 ጀምሮ «ዩክራይንስኪ ቪስኒክ»፣ በእኛ ቋንቋ «የዩክሬን ነጋሪ» ልንለው የምንችለውን ስውር መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። በጽሕፈት መኪና በካርቦን ወረቀት እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ይህ መጽሔት ማን እንደታሰረ፣ ማን ከሥራ እንደተባረረ፣ የማን ቤት እንደተፈተሸ ያለ ማጋነን ይመዘግባል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በከተሞቻችን በስቴንስል የተባዛ ወረቀት ሌሊት በበር ሥር ሲገባ ያዩ አንባብያን ነገሩ እንግዳ ላይሆንባቸው ይችላል፤ ነገር ግን የእኛዎቹ ወረቀቶች መፈክር ይበዛባቸው ነበር፣ የቾርኖቪል ግን መዝገብ ይመስላል።

ጃንዋሪ 12 ቀን 1972 በኪየቭና በልቪቭ በአንድ ጊዜ በተካሄደው የጅምላ እስር ተይዞ፣ በፀረ ሶቪየት ቅስቀሳ ተከስሶ፣ ስድስት ዓመት በሞርዶቪያ የጉልበት ሥራ ካምፖች እንዲታሰር፣ ሦስት ዓመት ደግሞ በያኩቲያ በግዞት እንዲኖር ተፈረደበት። በግዞት ሳለ የሰብዓዊ መብት ጥሰትን የሚከታተለውን የዩክሬን ሄልሲንኪ ቡድን ተቀላቀለ። በ1980 በተፈበረከ የአስገድዶ መድፈር ሙከራ ክስ ዳግመኛ ታሰረ፤ የፖለቲካ እስረኛን በነውር ወንጀል ከስሶ ስሙንም አብሮ መቅበር በዚያ ዘመን የተለመደ ዘዴ ነበር። በ1983 ተፈታ፤ ወደ ዩክሬን መመለስ የቻለው ግን በ1985 ነው። የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ሊሆን ሲቃረብ በልቪቭ ያገኘው ሥራ የቤት ማሞቂያ ምድጃ እሳት ማንደድ ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላው የዚያው አካባቢ ምክር ቤት ሰብሳቢ ሆነ። ወንበሩን ስላነሡት ክርክር ደግሞ፣ ለሐረሩ መምህር በምንሰጠው መልስ ውስጥ የድርሻዎን ያገኛሉ።

ጥያቄ፣ ከሐረር ጀጎል

«የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። በዩክሬን ‹ኦብላስት› የሚባለው አስተዳደር እንደ እኛ ክልል ያለ ነውን? ቾርኖቪል ሥልጣን ላይ በነበረበት ጊዜስ በተግባር የሠራው ምንድን ነው? መጀመሪያ ፌዴራሊዝምን ይደግፍ ነበር፣ በኋላ ግን ተወው ሲባል ሰምቻለሁና እውነት ከሆነ ምክንያቱን ብታብራሩልኝ።»

መልስ

ኦብላስት ከክልል ይልቅ ወደ ቀድሞው ክፍለ ሀገር ይቀርባል። ዩክሬን አሐዳዊት አገር ናት፤ ሕገ መንግሥቷ 24 ኦብላስቶችን፣ የክሪሚያን ራስ ገዝ ሪፐብሊክና ልዩ አቋም ያላቸውን ሁለት ከተሞች፣ ኪየቭንና ሴቫስቶፖልን፣ ይዘረዝራል። እርስዎ የሚኖሩበት የሐረሪ ክልል በስፋቱ ከክልሎች ሁሉ ቢያንስም የራሱ ሕገ መንግሥት አለው፤ 14 አባላት ያሉት የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤና 22 አባላት ያሉት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም አሉት። የልቪቭ ኦብላስት በሕዝብ ብዛት ሐረሪን ብዙ ጊዜ የሚያጥፍ ሆኖ ሳለ ከዚህ አንዱም የለውም። በቻርተር አዋጅ የምትተዳደረውና ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነው ጎረቤትዎ ድሬዳዋም ብትሆን፣ በሕግ የተሰጣት ሥልጣን በ1990 ቾርኖቪል እጅ ከነበረው ይልቅ በግልጽ የተከለለ ነው። የእሱ ሥልጣን እስከ የት እንደሚደርስ በትክክል የሚነግረው አንድም ሕግ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ አሮጌው ሕግ እየፈረሰ፣ አዲሱ ገና አልተጻፈም ነበርና።

ወደዚህ ሥልጣን ያደረሰው መንገድ አጭር ነው። በሴፕቴምበር 1989 «ሩክ» የተባለው ሕዝባዊ ንቅናቄ በኪየቭ ተመሠረተ። ጃንዋሪ 21 ቀን 1990 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከልቪቭ እስከ ኪየቭ እጅ ለእጅ ተያይዘው በመንገድ ዳር ቆሙ። በማርች በተካሄደው ምርጫ ቾርኖቪል ለሪፐብሊኩ ምክር ቤትም ለልቪቭ ኦብላስት ምክር ቤትም ተመረጠ፤ በኦብላስቱ ምክር ቤት ተቃዋሚዎች አብላጫውን ስለያዙም በኤፕሪል ሰብሳቢ አደረጉት። በዚያው ወር በልቪቭ ከተማ አዳራሽ ላይ ሰማያዊና ቢጫው ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ፤ በሴፕቴምበር የሌኒን ሐውልት ተነሣ። ለፎቶግራፍ የሚመቹት እነዚህ ናቸው። ከባዱ ሥራ ግን ሌላ ነበር።

ልቪቭ በኮሚኒስት አገር መካከል «የነፃነት ደሴት» ተብላለች። ደሴት ግን ስንቋ ከሌላ ቦታ የሚመጣላት ከሆነ ነፃነቷ ምን ያህል እንደሆነ ማንም ይገምተዋል። ፋብሪካዎቹ የሚታዘዙት በሞስኮና በኪየቭ ላሉ ሚኒስቴሮች ነበር፤ ጦሩና ኬጂቢም እንዲሁ። አዲሱ ምክር ቤት ውሳኔ ማሳለፍ ይችላል፤ ውሳኔው መፈጸሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥም ምክር ቤቱ የጋራ እርሻዎችን መሬት ለመንደር ነዋሪዎች ማከፋፈል ጀመረ፤ የቀረው ዩክሬን ገና ስለ ጉዳዩ እየተከራከረ በነበረበት ጊዜ።

ከሁሉ የከበደው የአብያተ ክርስቲያናቱ ጉዳይ ነበር፤ የሐረር ሰው ደግሞ ይህን ከማንም በተሻለ የሚረዳ ይመስለናል። በአካባቢው ብዙ ተከታይ የነበራት የዩክሬን ግሪክ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1946 በስታሊን ትእዛዝ ታግዳ፣ ሕንፃዎቿ ለኦርቶዶክስ ተላልፈው ነበር። በ1989 መጨረሻ ምዕመናኗ እንዲመዘገቡ ሲፈቀድላቸው ሕንፃዎቻችን ይመለሱልን አሉ። በሕንፃዎቹ ውስጥ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ሲጸልዩ የኖሩ፣ ልጆቻቸውን ያስጠመቁና ወላጆቻቸውን የቀበሩ ሌሎች ሰዎች አሉ። በልቪቭ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በኦገስት 1990 ለካቶሊኮቹ ተመለሰ። በየመንደሩ ግን አንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ባለቤት ነኝ ባይ አገኘ፤ ምክንያቱም በዚሁ ጊዜ ከሞስኮ የተለየች የዩክሬን ኦርቶዶክስም እንደገና ተቋቁማ ነበር። የሞስኮው ወገን አዲሱ አስተዳደር አድልቶብናል እያለ በተደጋጋሚ አቤት ብሏል። በእኛ አመለካከት ከጓደኞችዎ ጋር የተከራከሩበትን ነገር የሚፈትነው፣ የከዚራው ጠያቂያችን ሆይ፣ ይህ ጉዳይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አቤቱታ የጻፈ ሰው አሁን አቤቱታ ተቀባይ ሆነ፤ ከሁለት አቤት ባዮች አንዱን ማስከፋትም ግድ ሆነበት። የጮኸበትን አልረሳም፤ ታግዶ ለኖረው ወገን ቆመ። ለሁሉም እኩል ዳኛ ነበር ብለን ግን ለመመስከር አንደፍርም።

ወደ ፌዴራሊዝሙ ስንመጣ፣ የሰሙት እውነት ነው። ቾርኖቪል በ1990 እና በ1991 ዩክሬን ታሪካዊ መልክ ያላቸው ግዛቶች የተዋሐዱባት ፌዴራላዊት አገር ብትሆን ይበጃል ይል ነበር። ይህን ሐሳብ በልቪቭ ወንበር ላይ ተቀምጦ መያዙ የሚያስገርም አይደለም፤ ከመሃል የሚመጣ ትእዛዝ ምን ያህል እጅ እንደሚያስር በየቀኑ ያይ ነበርና። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1991 የልቪቭ፣ የቴርኖፒልና የኢቫኖ ፍራንኪቭስክ ኦብላስት ምክር ቤቶች በአንድነት ተሰብስበው «የጋሊሲያ ጉባኤ» የተባለውን ስብሰባ ባደረጉ ጊዜ፣ ብዙዎች ይህ ከዩክሬን ለመገንጠል የሚደረግ ዝግጅት ነው ብለው ከሰሱት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ማርች 17 ቀን ጎርባቾቭ ስለ ሶቪየት ኅብረት መቀጠል ሕዝበ ውሳኔ ሲያካሂድ፣ ሦስቱ ኦብላስቶች ዩክሬን ነፃ አገር ትሁን ወይ የሚል የራሳቸውን ጥያቄ ጨመሩ፤ 88 በመቶ ያህሉ መራጭም ትሁን አለ። ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1991፣ መላው ዩክሬን በ90.32 በመቶ ድምፅ ያንኑ መልስ ሰጠ።

ሐሳቡን የተወው ከነፃነቱ በኋላ ነው። ክሪሚያ ውስጥ ወደ ሩሲያ የሚስብ እንቅስቃሴ ሲበረታ፣ ፌዴራሊዝም በለጋ አገር ላይ የጎረቤት እጅ የሚገባበት በር ይሆናል ብሎ ሠጋ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን፣ ፌዴራሊዝም ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ጀምሮ የዕለት ተዕለት ሙግታችን ስለሆነ፣ አንድ ሰው በዚህ ጉዳይ አሳቡን መለወጡ ክህደት ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ቾርኖቪል በ1990 የሚከራከረው ከሞስኮ ጋር፣ በኋላ ደግሞ ስለ ኪየቭ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በነገራችን ላይ፣ እሱ የልቪቭን ኃላፊነት በለቀቀበት በ1992 ፕሬዚዳንቱ በየኦብላስቱ የራሳቸውን ወኪል መሾም ጀመሩ፤ በሕዝብ ከተመረጠው ምክር ቤት ይልቅ ከላይ የተሾመው ባለሥልጣን የበላይ የሆነበት አሠራርም ከዚያ ወዲህ ሥር ሰደደ። ስለዚህ እሱ የያዘውን ያህል ሥልጣን የያዘ የኦብላስት ምክር ቤት ሰብሳቢ ከእሱ በኋላ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን

«በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ይህን ያህል የታሰረ ሰው ፕሬዚዳንት ሳይሆን ለምን ቀረ? አሟሟቱስ እንዴት ነበር? ከቤተሰቡ በፖለቲካው የቀጠለ አለን?»

መልስ

እህታችን፣ በዲሴምበር 1991ዱ ምርጫ ቾርኖቪል 23.27 በመቶ ሲያገኝ፣ ሌዎኒድ ክራቭቹክ 61.59 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ። ክራቭቹክ የዩክሬን ኮሚኒስት ፓርቲ የርዕዮተ ዓለም ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው፤ እንግዲህ የታሰረው ተወዳዳሪ ሐሳቡን ሲያሳስሩ ከነበሩት ወገን በመጣው ተሸነፈ ማለት ነው። ቾርኖቪል በሦስቱ የጋሊሲያ ኦብላስቶች አሸንፏል፤ በልቪቭም ከአራት መራጭ ሦስቱ ያህል መርጠውታል። አብዛኛው ሕዝብ የሚኖርበት ምሥራቅና ደቡብ ግን በሶቪየት ጋዜጦች ለዓመታት «ብሔርተኛ» ተብሎ ሲወገዝ የሰማውን ሰው ከመምረጥ፣ ነፃነቱንም የተቀበለውን፣ የለመደውንም ጸጥታ የሚያስጠብቅለት የሚመስለውን ባለሥልጣን መረጠ። በዚያ ላይ ተቃዋሚዎቹ በአንድ ዕጩ አልተስማሙም፤ ሌላው የቀድሞ የፖለቲካ እስረኛ ሌቭኮ ሉክያኔንኮም ለብቻው ተወዳድሯል። ሁለቱ ድምፃቸውን ቢያዋሕዱ ኖሮስ? ለማሸነፍ አሁንም አይበቃም ነበር። ስለዚህ ስሕተቱን በመከፋፈሉ ላይ ብቻ የሚያሳብቡትን ጸሐፊዎች በጥንቃቄ አንብቢያቸው።

ከዚያ ወዲህ ቾርኖቪል የሩክ ፓርቲ መሪና የምክር ቤት አባል ሆኖ ቀጠለ። በ1998 ምርጫ ፓርቲው 9.4 በመቶ በማግኘት ከኮሚኒስቶች ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። በ1999 መጀመሪያ ግን ፓርቲው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የአመራር ስልቱ ግትር ነው የሚሉት ወገኖች በዩሪ ኮስቴንኮ ዙሪያ ተሰባሰቡ። በእኛ ግምት ይህ ግትርነት ከካምፑ ያወጣው ሀብት ነው፤ በካምፕ ውስጥ ያተረፈው ጠባይ በፓርቲ ስብሰባ ውስጥ ብዙ ወዳጅ አሳጥቶታል።

ስንጥቁ ሳይጠገን፣ ማርች 25 ቀን 1999 ምሽት፣ በኪየቭ አቅራቢያ በቦሪስፒል መንገድ ላይ መኪናው ተሳቢ ካለው የካማዝ የጭነት መኪና ጋር ተጋጭታ እሱና ሾፌሩ ሞቱ። የፕሬዚዳንታዊው ምርጫ የቀረው ሰባት ወር ብቻ ነበር። መርማሪዎች የትራፊክ አደጋ ነው አሉ፤ ጓደኞቹና ደጋፊዎቹ ግን ግድያ ነው ብለው ያምናሉ። በ2006 ፕሬዚዳንት ቪክቶር ዩሽቼንኮ በኪየቭ ሐውልቱን ሲመርቁ ምርመራው እንደገና እንዲታይ ጠይቀዋል። ይህንን በፈተና ላይ ብትጠየቂ፣ በይፋ የተባለውንና የሚጠረጠረውን ለይተሽ ጻፊ።

ከቤተሰቡ ልጁ ታራስ ቾርኖቪል የምክር ቤት አባል ሆኗል። አባቱን የሚያከብሩ ብዙዎች ያልጠበቁትን መንገድ ይዞም፣ በ2004ቱ የብርቱካን አብዮት ወቅት በድጋሚ በተካሄደው ምርጫ የዩሽቼንኮ ተፎካካሪ የነበሩትን የቪክቶር ያኑኮቪችን የምርጫ ዘመቻ መርቷል።